የቸሮኪ ቤቶች አልበም

ወይዘሮ ሮማንን ባለፈው ወር የዓይን ሐኪም ቤት አገኘኋት። ሁለታችንም ዓይናችን ውስጥ ጠብታ ተጨምሮልን፣ ጭንቅላታችንን ወደ ኋላ ደገፍ አድርገን ግድግዳ ሥር ተቀምጠናል። መጀመሪያ ያወቅኋት በሳሏ ነው። ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጋ ትስልና ሦስተኛውን ትውጠዋለች። ዓይኔን ብገልጥ ብዥ ያለ አረንጓዴ ካፖርት ታየኝ፤ ያ ካፖርት አሁንም አለ ማለት ነው። እሷም አወቀችኝ። «እንደምን ነዎት፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ?» አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ጥሩዬ» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። አንቱታው ለአክብሮት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» አልኳት።  ነርሷ ስትጠራት ተነሣች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞርም እንዲህ አለች፦ «በመስከረም ልጄ ዘንድ፣ አውስትራሊያ ልሄድ ነው። ቤቱን እየለቀቅሁ ነው። አልበሙን ከፈለጉት ይምጡና ይውሰዱ፤ ካልፈለጉት ከቆሻሻው ጋር ይወጣል።»

አልበሙ የእኔ ነው። ቢያንስ ከግማሹ በላይ የእኔ ነው። ከተጣላን አሥር ዓመት አልፎናል፤ አሥሩንም ዓመት ያ አልበም እሷ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስታወቱ ቁም ሳጥን ሥር እንደተቀመጠ አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ አምጪው አላልኳትም። ያን ዕለት ከሐኪም ቤቱ ስወጣ የተሳሳተ ታክሲ ተሳፍሬ የማላውቀው ሰፈር ወረድኩ። ጠብታው ነው ብዬ ለልጄ ነገርኳት።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ከተማ፣ ዱርንፎንቴን የሚባለው ሰፈር ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ በሕይወት ነበር፤ በአንድ ላቦራቶሪ ይሠራል። እኔ ደግሞ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመታት ባለፉት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ መጋረጃ እዘመዝማለሁ። ከሆሳዕናና ከዱራሜ የመጡ ልጆች ጨርቁን በጥቅል ያመጡልኛል፤ እኔ ቆርጬ፣ ጠርዙን ዘምዝሜ፣ የቀለበቱን ቀዳዳ አበጅቼ እሰጣቸዋለሁ፤ እነሱ በትከሻቸው ተሸክመው ካትሌሆንግና ጻካኔ የሚባሉ ከከተማ ውጭ ያሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ድረስ በር እያንኳኩ ይሸጡታል። በዚያ ዘመን የሚወደደው የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ወርቃማ ቅጠል የተረጨበት ጨርቅ ነበር። ዛሬ ማንም አይሰቅለውም። ዳቦ በሦስት ራንድ ተገዝቶ መልስ ይገኝ ነበር። ከታች ያለው ኮንጎአዊ ፀጉር አስተካካይ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት እያገላበጠ ያጫውታል፤ ቋንቋውን ሳላውቅ ዘፈኑን በቃሌ ይዤው ነበር። ማዕዘኑ ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች። ዘወትር «ሳውቦና፣ ማማ» ብላ ሰላም ትለኛለች። በዚያ ከተማ ያለ ምንም ምክንያት ፈገግ የምትልልኝ እሷ ብቻ ነበረች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰሜን በኩል ባለ የገበያ ማዕከል ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ገበያ አለ፤ እዚያ ጎራ እላለሁ። የምገዛው ነገር የለኝም። ሰው የተጣለ ዕቃ ሲያገላብጥ ማየት ደስ ይለኛል። አንድ ሚስተር ሃሪ የሚባል ሽማግሌ ነጭ የድሮ ፖስት ካርድ በጫማ ካርቶን ደርድሮ ይሸጣል። ልጆቻቸው ወደ ውጭ አገር የወሰዷቸው ነጮች ሲሄዱ ቤታቸው ውስጥ የተረፈውን በጅምላ ይገዛል። ክፉ ሰው ነበር። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ነጠላዬን አይቶ ነርስ መሰልኩትና ጉልበቱን አሳየኝ። ነርስ አለመሆኔን ስነግረው ጊዜ ዓይኑ ከእጄ ላይ አልነቀል አለ። «ማየት በነፃ ነው፤ መንካት ግን ለሚገዛ ነው» አለኝ። እንግዲህ ነገሩ የእልህ ሆነና ካርቶኑን ካርድ በካርድ አገላበጥኩት።

ከውስጡ አንድ ቤት ወጣ። ቀይ ጡብ፣ ነጭ ምሰሶ፣ ባለ አንድ ፎቅ፤ ሰማዩ ከሚገባው በላይ ሰማያዊ ሆኖ ተቀብቷል፤ ወረቀቱ ሲዳስሱት እንደ ተልባ እግር ጨርቅ ይሻክራል። ጀርባው ላይ አንዲት እንግሊዛዊት ለእህቷ «ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ምግቡ ደህና ነው» ብላ ጽፋለች። ከጽሑፏ በላይ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ግን ያነበበችው አይመስለኝም። ቤቱን የሠራው የቸሮኪ ሕዝብ አለቃ ነው፤ የአሜሪካ ግዛት የሆነው የጆርጂያ መንግሥት የቸሮኪን መሬት በዕጣ ለነጮች ሲያከፋፍል ቤተሰቡ ከቤቱ ወጣ፤ ዕጣው የደረሰው ሰው ገባበት ይላል። «በዕጣ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዋጋው አምስት ራንድ ነው አለኝ፤ ሳልከራከር ከፈልኩ። ሃሪ በዚህ ይበልጥ ጠረጠረኝ።

ስለ ቸሮኪዎች ከዚያ በፊት የማውቀው ነገር አልነበረም። በትምህርት ቤት የተማርነው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ላባ ሰክቶ ፈረስ የሚጋልብ ነው። እነዚህ ግን የራሳቸው ሸንጎ፣ ጋዜጣ፣ የፍራፍሬ እርሻ ነበራቸው፤ ሀብታሞቻቸው እንደ ነጮቹ ባለ ምሰሶ ቤት ሠርተዋል። ከዚያ ሁሉ ተነቅለው በወታደር እየተነዱ ወደ ምዕራብ፣ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ተጋዙ፤ በመንገድ ያለቀው ብዙ ነው። የተረፉት እዚያ ደርሰው ሌላ ቤት ሠሩ። በጊዜ ብዛት ያ ሁሉ ቤት፣ የተወሰደውም በኋላ የተሠራውም፣ የጎብኚ መሄጃ ሆነና ፖስት ካርድ ታተመለት። እኔ የሰበሰብኩት ያንን ነው። ሃሪ «አሜሪካ፣ ልዩ ልዩ» የሚለውን ካርቶን ሳይወድ በግድ ለእኔ ማስቀመጥ ጀመረ። በኋላማ ዋጋውን አሥራ አምስት አደረሰው። ሌላ ገዢ እንደሌለው አውቃለሁ፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል፤ ግን አንድ ቀን አልቀነሰልኝም።

ወይዘሮ ሮማን የመጣችው ለመጋረጃ ነው። ባሏ ሐኪም ነው፤ ቤታቸው አሥራ አንድ መስኮት አለው። አሥራ አንዱንም ለክቼ ሰፋሁላት። ሦስቱን አስፈታችኝ። በመጨረሻው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ካርዶቹን አየችና ጀርባቸውን እያነበበች ቁጭ አለች። ሮማን ነገር ከጀመረች አትጨርስም። እናቷ ፒያሳ አጠገብ ቤት ነበራቸው፤ ቤቱ ተወረሰ፤ የገቡበት ሰዎች የሸክላ ምድጃውን አፍርሰው ዶሮ ማርቢያ አደረጉት። ይህን ታሪክ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አልቆጠርኩም። ሁልጊዜ ዶሮው ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች። ያለቀሰች ዕለት ግን ካርድ አብዝታ ትገዛለች።

አብረን ሰበሰብን። አንድ ትልቅ፣ ሽፋኑ ቡናማ የሆነ አልበም ገዛች። በግራው ገጽ የተነጠቁት ቤቶች፣ በቀኙ በኋላ ኦክላሆማ የተሠሩት ሆኑ። በየካርዱ ጀርባ በእርሳስ «ጥ» ወይም «ሮ» ብለን ጻፍን፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም አንተማመንም። የተነጠቁትን እኔ ብቻዬን ልያዝ ብላኝ ነበር። «ለእኔ ይገባኛል፣ ጥሩዬ፤ አንቺን ምን ይነካሻል?» አለችኝ። የጀመርኩት እኔ ነኝ አልኩና አልፈቀድኩም። ደግ ቀንም ነበረን፤ ልካድ አልልም። አንድ ካርድ ላይ ጠባብ የግንድ ቤት አለ፤ ማንበብም መጻፍም ሳይችል ለቋንቋው ከመሬት ተነሥቶ ፊደል የፈጠረ ቸሮኪ በኋላ የኖረበት ቤት ነው። ሰማንያ ምናምን ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ እንደኛው «በ» «ቡ» እያለ የሚነበብ። ሮማን ይህን ሰምታ፣ «ሰማንያ ብቻ? የኔታ ዘንድ ቢሆን ገና ሳይጋመስ ይገረፍ ነበር» አለች። በሳቅ መቀሱን ጣልኩት።

ካርዶቹ ሲበዙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አማርኛ ለሚማሩት ልጆች እናሳይ አለች። ጽሑፉን እኔ እንድጽፍ ሆነ፤ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ይባላል። በየካርዱ ሥር ቤቱን የሠራውን ሰው ስም ከነአባቱ፣ የት እንደሆነና ቤቱ ምን እንደደረሰበት ጻፍኩ። ዋዜማው ቀን አዳራሹ ውስጥ ስንሰቅል ሴቶቹ ሻይ አፍልተው ከበቡን። ሮማን መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ካርድ ፊት ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው? ‹ዕጣ የደረሰው ሰው ገባበት›?»

«ያው የሆነው ነው» አልኳት።

«የሆነውማ ሌብነት ነው። ‹ሌቦች ወሰዱት› ብለሽ ጻፊ። ልጆቹ በግልጽ ይወቁ።»

«የወሰደው መንግሥት ነው። ዕጣ የወጣለት ገበሬ ምን ያድርግ?»

«አይግባ! ምን ያድርግ ትያለሽ? የሰው አልጋ ላይ አይተኛ! ደግሞ ይሄ ባሪያ የሚለውን ከዚህ አንሺው።»

«አለቃው ባሪያዎች ነበሩት። ጡቡን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።»

«ጥሩዬ፣ ዛሬ የማን ጠበቃ ነሽ?»

ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሴት፣ ሻይ ስትቀዳ የነበረች፣ «ኧረ አሜሪካ ድረስ ሄዳችሁ ከምትጣሉ እዚሁ ዱርንፎንቴን ተጣሉ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አፌን መያዝ አቃተኝ። «ዕጣ የደረሰው ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም። ለእኛም ደርሶናል» አልኩ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሮማን መነጽሯን አወለቀች። «የት?» አለች።

«አዲስ አበባ። ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ። ያደግኩበት ቤት የተወረሰ ቤት ነው።»

«ስድስት ዓመት ቤቴ እየገባሽ፣ የእናቴን ቤት ነገር እያለቀስኩ ስነግርሽ፣ አንቺ ዝም ብለሽ መጋረጃ ትለኪ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝም» አልኳት።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ነቅላ አልበሙ ውስጥ ከተተች፤ አልበሙን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ልጆቹ ምንም ሳያዩ ቀሩ። በሳምንቱ «ባለዕጣዋ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ቆየኝ። ማኅበር ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው መጥፋት ጀመረ፤ መጋረጃ የሚያሰፉኝ ቀነሱ። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ሮማን ለቅሶ መጣች፤ ለቅሶ አይቀርማ። ሦስት ቀን በዚያ አረንጓዴ ካፖርት ተቀምጣ ከማንም ጋር ስታወራ ውላ ለእኔ አንዲት ቃል ሳትናገር ሄደች። ይህን አልረሳሁላትም። ብትቀር ይሻለኝ ነበር።

ስለ ቤታችን ልናገር። ስምንት ነፍስ ሆነን፣ አባቴና እናቴ፣ ስድስት ልጆች፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ዝናብ ሲጥል ዕቃችንን አልጋ ላይ እንከምራለን። ቤቶች በተወረሱ ጊዜ ቀበሌው ለአንድ ባዶ ቤት ሦስት ቤተሰብ አወዳደረ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ ሦስት የተጣጠፈ ወረቀት ጨመረበት፤ እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አወጣች። ቤቱ ባለ እንጨት በረንዳ ነው፤ የበረንዳው ክፈፍ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል፤ በጓሮው የኮክ ዛፍ አለ። የገባን ቀን ወንድሞቼ ከክፍል ወደ ክፍል እየሮጡ በሩን ሁሉ ሲከፍቱና ሲዘጉ ዋሉ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር አውጥቶ ደጅ ተቀምጦ ጋዜጣ አነበበ። ያ ቤት ባይደርሰን እኔ ሁለተኛ ደረጃን አልጨርስም ነበር፤ የማጠናበት ጥግ አልነበረኝማ። እንግዲህ በዚህ ልፈር?

ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ሮማን ቤት ሄድኩ። አሥራ አንዱ መስኮት ባዶ ነው፤ መጋረጃዎቼ ወርደው ተጣጥፈው ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። አልበሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ውኃ እንኳ አላቀረበችልኝም።

«ይቀመጡ» አለችኝ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«አንድ ቃል ይንገሩኝና ይውሰዱት። ‹ተሳስተናል› ይበሉኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«እናቴ ወረቀት ስላወጣች ይቅርታ አልጠይቅዎትም» አልኳት። «ቤቱ የእርስዎ አልነበረም። ለእርስዎም፣ ለእናትዎም የምከፍለው የለኝም።»

«እንግዲያው ባዶ እጅዎን ይሂዱ።»

ልሄድ ዞርኩ። በር ላይ ስደርስ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ለባለቤቴ ያልነገርኩትን፣ ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን፣ ከሰው ሁሉ ለማልወዳት ሴት ተናገርኩ። በገባን በሦስተኛው ወር የቤቱ ባለቤት የነበረችው ሴት መጣች አልኳት። ጥቁር ሻል ደርባለች። በር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። «ልጄ፣ ቆጡ ላይ አንድ ሳጥን ረስቻለሁ፤ የልጄ የክርስትና ልብስ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። ሳጥኑን አግኝተነዋል። ልብሱ በዚያን ሰዓት ጓዳ ውስጥ ነበር፤ እናቴ አጥባ ለጨቅላዋ ለመጨረሻዋ እህቴ ክርስትና ተኩሳ ሰቅላዋለች፤ ከበሩ ዞር ብል ይታየኛል። «ምንም ሳጥን የለም። ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ» አልኳት። አንቺ አልኳት፤ እናቴን የምታህል ሴት። ከዚያ በሩን ዘጋሁ። እናቴም አልሰማችም፤ እኔም አልነገርኳት። እህቴ በሰማንያ ቀኗ በዚያ ልብስ ተጠመቀች።

ሮማን ሁለት ጊዜ ሳለች። «የእኔም እናት ሄዳ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የከፈተላት ልጅ ምን እንዳላት ግን ነግራን አታውቅም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ይቅር አልልሽም።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«የማን?»

«የሴትየዋ። የቤቱ ባለቤት የነበረችው።»

 ያ ዘመን የወጡትን ሰዎች በስም መጥራት የማይደፈርበት ዘመን ነበር፤ ቤታችን ውስጥ «የበፊቷ» ነበር የምንላት። «የበፊቷ ያስተከለችው ኮክ»፣ «የበፊቷ ያሠራችው ጓዳ» እንል ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ያም ቀረ። አሥራ ምናምን ዓመት ስንኖርበት ስሟ አንድ ቀን አልተነሣም። «አላውቀውም» አልኳት።

ሮማን አልበሙን በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ አስጠጋችው። «ለአሜሪካኖቹ ሁሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍሽላቸው» አለችኝ። «ውሰጂውና ሂጂልኝ።» የእሷንም ካርዶች አላወጣችም። እኔም አመሰግናለሁ አላልኳት። ደግ ሴት አይደለችም፤ በመስከረም ስትሄድ አልሸኛትም። ከበሩ እስከ ታክሲው ያንን ሁሉ ክብደት ብቻዬን ተሸከምኩ።

በማግስቱ ጠረጴዛዬን ጠርጌ፣ እንደ ድሮው ወረቀት በልኩ ቆርጬ፣ ለቤታችን ጽሑፍ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። ፎቶው የለኝም፤ ግን አልበሙ መጨረሻ ላይ ባዶ ገጽ አለ። «አዲስ አበባ፣ ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ። በዕጣ ተሰጠ» የሚለውን ጻፍኩ። «ቤቱን ያሠሩት» የሚለው ላይ ቆምኩ። ከስምንታችን የቀረነው እኔና የመጨረሻዋ እህቴ ነን። ደወልኩላት። ደንግጣ፣ «ምን ሆንሽ? ዓይንሽ ነው?» አለችኝ። ዓይኔ ደህና ነው አልኳትና፣ ምናልባት እናታችን ኋላ ነግራት እንደሆነ ብዬ፣ የዚያን ቤት የበፊቷን ሴትዮ ስም ታውቂ እንደሆነ ብዬ ጠየቅኋት።

«የምን ሴትዮ?» አለችኝ። «ቤቱ የኛ አልነበረም እንዴ?»